ስለ ጎጃም ሥዕል ከውጭ ሆናችሁ ለምትጽፉና ዐውደ ርእይ ለምታሰናዱ

ከፎቶ ላይ አትጻፉ። ውጭ ሆኖ ሐያሲነትን ወይም ኪውሬተርነትን (ዐውደ ርእይ ማሰናዳትን) የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጣና ዳር ያለችው የዘጌዋ ገዳም የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች በስልክ ሲታዩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣሉ ይመስላሉ። ቀርባችሁ ጠርዙን ስታዩት ግን ጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ጨርቁ ከጭቃው ይላቀቃል፤ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። ይህን ያላየ «ፍሬስኮ» (እርጥብ ልስን ላይ የተሣለ) ብሎ ጽፎ ይሳሳታል።

በበጋ ሂዱ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፤ ፍላሽም አጥፉ። የጣናው ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማያስገባም እወቁ።

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል ደግሞ ቆጥቡት። ረቂቅ ሥዕል ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም፤ እንደ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ቅኔ የቆጠረ አንባቢ ወዲያው ይስቅባችኋል። «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» ብሎ መክፈልም እንዲሁ ያስቸግራል። ጎጃም የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ግን ሥራቸው ሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ታይቷል። የትኛው ሣጥን ውስጥ ልትከቷቸው ነው?

ከባሕር ዳር ሠዓሊ ሥራ ወስዳችሁ ውጭ ልታሳዩ ከሆነ፣ ሥዕሉ ትናንት የተሣለ ቢሆንም አዲስ አበባ ካለው የቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ፈቃድ ያዙ፤ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ሸራ ሲጠቀለል ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨመቅና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል ወይም ይቀረፋል። የሚጠቀለልበት ቱቦ የአፉ ስፋት ከ20 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ፕላስቲክ ቀለሙን አይንካ፤ በሙቀት ይጣበቃል። ወፍራም የዘይት ቀለም ያለበት ሸራ ፈጽሞ አይጠቀለልም፤ በሣጥን ይላክ። ከማሸጋችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውንና ያለበትን ጭረት ሁሉ ፎቶ አንሱ።

ስትሰቅሉ የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ብርሃኑ ለወረቀትና ለጨርቅ ከ50 ላክስ (የብርሃን መለኪያ)፣ ለዘይት ቀለም ከ200 አይለፍ። የግድግዳው ጽሑፍ 120 ቃል ይበቃዋል፤ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት።

ውሉ ላይ ኮሚሽኑንና ኢንሹራንሱን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ያልተሸጠው ሥዕል የመመለሻ ሒሳብ ነው፤ ማን እንደሚከፍል ካልተጻፈ ሸራው የሰው ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል።