የዓይንጋዲ ግዝትና የከሰለው ብራና

ባለፈው ሳምንት ሙት ባሕር ዳር ስላለው የዓይንጋዲ ጥንታዊ ምኩራብ፣ ወለሉ ላይ ስለተጻፈው እርግማንና እዚያው ስለተገኘው የከሰለ ብራና በጨረፍታ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ።

«ዳዊት ከሳኦል የተደበቀበት ዓይንጋዲ ነው?»

አዎ፣ አካባቢው ያው ነው። ምኩራቡ ግን ከዳዊት ከሺህ ዓመት በላይ ይዘገያል። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጸሐፊ አውሳብዮስ ቦታውን እጅግ ትልቅ የአይሁድ መንደር ይለዋል። በ600 ዓ.ም. አካባቢ (እንደ ፈረንጆቹ) መንደሩ ተቃጠለ።

«ወለሉ ላይ እርግማን አለ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። በትናንሽ ጠጠር ተለቅሞ የተጻፈ ነው። በሰዎች መካከል ጠብ የሚዘራ፣ ወገኑን ለአሕዛብ የሚያሳጣ፣ የሰው ንብረት የሚሰርቅ፣ «የመንደሩን ምሥጢር» ለአሕዛብ የሚያወጣ፣ እሱም ዘሩም ከሰማይ በታች ይነቀል ይላል። ሕዝቡም «አሜን፣ አሜን፣ ሴላ» ብሎ ያጸናዋል። እኛ አገር ብራና ላይ «የሰረቀ፣ የፋቀ ውጉዝ ይሁን» ሲባል ለለመደ ሰው ብዙም አይገርምም።

ምሥጢሩስ? ብዙ ምሁራን የበለሳን ሽቶ አሠራር ነው ብለው ይገምታሉ፤ ዓይንጋዲ በበለሳን የታወቀች ነበረች። እኔን የገረመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ምሥጢሩ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ጠብ መዝራትና ማሳጣት ቀድመውታል። መንደሩን ያስቸገረው ወሬ ሳይሆን አይቀርም።

«ምኩራብ ውስጥ ኮከብ ቆጠራ ምን ይሠራል?»

እዚሁ ጽሑፍ ላይ በዐውደ ነገሥት የምናውቃቸው 12ቱ ከዋክብት ተዘርዝረዋል፤ ወራቱም ተከትለዋል። ቤት አልፋ በሚባለው ምኩራብ በሥዕል ተሠርተዋል፤ እዚህ ግን ስማቸው ብቻ ነው። ከአናንያ፣ ከአዛርያና ከሚሳኤል ስም ጋር አንድ ወለል ላይ ናቸው።

«የከሰለውን ብራና ሳይፈቱ እንዴት አነበቡት?»

በ1970 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሲገኝ የምድጃ ከሰል ቁራጭ ነበር የሚመስለው። ቢነኩት ይፈረፈራል። ከ40 ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀመጠ። ኋላ እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ባለ፣ ግን እጅግ ረቂቅ በሆነ መሣሪያ ተነሣ። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ብሬንት ሲልስና ባልደረቦቹ ጥቅልሉን ኮምፒውተር ላይ ንብርብር በንብርብር ዘረጉት። ቀለሙ ከብራናው ይልቅ ጨረሩን ስለሚያግድ ፊደሉ ደምቆ ታየ። በ2015 ዜናው ሲወጣ የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። የሚቃጠል መሥዋዕት ሥርዓት የሚነገርበት ምዕራፍ! ከሰል ሆኖ መውጣቱ ያስቃልም፣ ያሳዝናልም።

«ገብቶ ማየት ይቻላል?»

ይቻላል፤ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ወለሉ ጣራ ለብሷል። በጠዋት ሂዱ፣ የሙት ባሕር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም።