ጉልበቷ የማይደርቅ ጥጃ

ከጅማ ዞን ዴዶ ወረዳ የጻፉልን እናት ላማቸው በወለደች በሳምንቷ ሞታባቸው፣ ጥጃዋን በሌላ ላም ወተት በጡጦ እያሳደጉ ነው። ጥጃዋ አሁን ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ወተቱን ትጠጣለች፤ ነገር ግን ክረምቱ ከበረታ ወዲህ ከስታለች፣ ጠዋት ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ አልፎ አልፎም ያስቀምጣታል። «የትል መድኃኒት ልስጣት ወይስ ወተቱ አልተስማማትም?» ይላሉ። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ «ብጠራርግላትም ጉልበቷና ሆዷ አይደርቅም» ብለዋል።

መልሱ ያለው በዚያች የመጨረሻ ቃል ላይ ይመስለኛል። በትል መድኃኒቱ አይቸኩሉ፤ ጥጃዎ እርጥብ ላይ እያደረች ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ጥጃ የአየሩ ሙቀት ከ10–15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ከወተቱ የምታገኘውን ኃይል ለማደግ ሳይሆን ሰውነቷን ለማሞቅ ታውለዋለች፤ የዴዶን የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ደረቅ ጸጉር በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ብርዱን ይመክታል፤ ሲርስ ግን ከቆዳዋ ጋር ይጣበቅና የጠጣችው ወተት ሁሉ ለብርዱ ይገበራል።

እዚህ ላይ ሳልቆጣ የማላልፈው ነገር አለ። በየበረቱ ስገባ ጥጃ ታስራ የማገኛት ከላሞቹ ኋላ፣ ወለሉ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ነው። ለትንሽ ከብት ትንሽ ቦታ ይበቃል ተብሎ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የላሞቹ ሽንትና እበት የሚወርደው እሷ ላይ ነው፤ ተቅማጡም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቆሻሻ ወደ አፏ የሚገባ ነው።

ስለዚህ ወደ ላይኛው፣ ዝናብ ወደማያፈስበት ጥግ ያዛውሯትና ከባሕር ዛፍ እንጨት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ርብራብ ይሥሩላት። ርብራቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሽንቱን ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሰኮናዋን ግን የማያሾልክ ጠባብ ይሁን። በላዩ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ይጎዝጉዙ፤ ክምሩ ከላይ ርሶ ቢያገኙት እጅዎን እስከ ክንድዎ ያስገቡ፣ መሐሉ ደረቅ ነው። ጉዝጓዙ በቃ የሚባለው ጥጃዋ ስትተኛ እግሮቿ ጭዱ ውስጥ ገብተው የማይታዩ ሲሆን ነው። ማታ ማታ የራሰውን አንሥተው አዲስ ከመጨመርዎ በፊት ጉዝጓዙ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይንበርከኩ፤ ቀሚስዎ ጉልበቱ ላይ ከራሰ የእሷም ሊደርቅ አይችልም። የቡና ገለባ በጅማ እንደ ልብ ቢገኝም ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ጥጃ ያገኘችውን ታኝካለች፣ ገለባው ውስጥ ደግሞ ካፌይን አለ። ነፋሱን በተኛችበት ቁመት ልክ በሰሌን ይከልሉት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ክፍት ይተዉት፣ የታፈነ የሽንት ሽታ ሳንባዋን ይጎዳልና።

ወተቱን በውኃ አያቅጥኑት፤ ስላስቀመጣትም አይከልክሏት። ለ30 ኪሎ ጥጃ በቀን ሦስት ሊትር ያህል፣ እንደታለበ ባለ ሙቀቱ፣ ለሦስት ጊዜ ከፍለው ይስጧት፤ በሚብሰው ብርድ ግማሽ ሊትር ይጨምሩላት። በጡጦው ጊዜ ቆማ ትጥባ እንጂ አንገቷን ወደ ላይ አይቀልብሱት፣ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ባስቀመጣት ቀን በወተቶቹ መካከል ፈልቶ ለብ ያለ አንድ ሊትር ውኃ በስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ያጠጧት።

ዓይኗ ከጎደጎደ፣ እበቷ ላይ ደም ካዩ ወይም መቆም ካቃታት በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዷት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ግን በአዲሱ ርብራብ ላይ አንድ ሳምንት ትደር፤ ጎሕ ሲቀድ ጉልበቷን ዳብሰው ደረቅ ሆኖ ሳለ ተቅማጡ ካልቆመ፣ ያን ጊዜ ትኩስ እበቷን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ሄደው የትሉን ጥያቄ ለባለሙያው ያቅርቡለት።