«ሰው ሳላስቸግር ውሰደኝ»

ልጆቼ፣

አያቴ ማታ ከመተኛቷ በፊት የማትቀር ጸሎት ነበረቻት። «አሟሟቴን አሳምርልኝ። ሰው ሳላስቸግር ውሰደኝ።» የእናንተም አያቶች እንዲህ ሳይሉ አይቀሩም። እኔ ይህቺን ጸሎት ደግሜ የሰማኋት ሠላሳ ምናምን ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለች ደሴት ላይ።

ደሴቷ አይል ኦፍ ማን ትባላለች። እኛ ማን ደሴት እንላታለን። እናቴ ስልክ ደውላ «አሁን የት ነው የምትሠሪው?» ስትለኝ «ማን ደሴት» አልኳት። «የማን ደሴት?» አለች። እስክትሞት ድረስ አልገባትም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት እዚያ ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ፣ መዳን የማይችሉ ሕመምተኞችን እያስታመምኩ። ይህን የምጽፈው ነገ ከነገ ወዲያ «ሲስተር» ወይም «ዶክተር» ተብላችሁ ለምትጠሩት ነው። አገር ቤትም ብትሆኑ፣ ውጭም ብትሆኑ።

ማን ደሴት ትንሽ ናት። ሕዝቧ 84 ሺህ ገደማ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ የበላይ ጠባቂዋ ቢሆኑም የብሪታንያ አካል አይደለችም፤ የራሷ ፓርላማ አላት። ቲንዋልድ ይባላል፣ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የቆየ ነው ብለው ይኮሩበታል። በዚህ ምክር ቤት ነው በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ረቂቅ ሕግ የቀረበው፤ ያቀረቡት የምክር ቤት አባል ራሳቸው ሐኪም ናቸው። ሕመሙ የማይድን፣ ከ12 ወር በላይ ይኖራል ተብሎ የማይገመት፣ አእምሮው የተረጋጋ ሰው ቢጠይቅና ሁለት ሐኪሞች መርምረው ቢስማሙ፣ ሕይወቱን የሚያበቃበት መድኃኒት ይሰጠው የሚል ነው። ጠያቂው በደሴቷ 5 ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ለመሞት ብቻ በመርከብ የሚመጣ እንግዳ እንዳይበዛ ነው ይህን ያስገቡት። ረቂቁ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በሁለቱም የፓርላማው ምክር ቤቶች አለፈ። ሕግ የሚሆነው ግን የንጉሡ ፈቃድ ሲታከልበት ነው።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያሉት ገርንዚና ጀርዚ የሚባሉ ደሴቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ገርንዚ በ2018 እ.ኤ.አ. ተከራክራ አይሆንም አለች። ጀርዚ በ2021 እ.ኤ.አ. በዕጣ የተመረጡ 23 ተራ ነዋሪዎችን ሰብስባ ጠየቀች፤ አብዛኞቹ ይፈቀድ አሉ። ለንደንም ብትሆን በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የታችኛው ምክር ቤት 314 ለ291 ሆኖ ይፈቀድ ብሎ ድምፅ ሰጥቶበታል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ልጆቼ፣ ጥያቄው እናንተ ወረዳ አይመጣም ብላችሁ አትዘናጉ።

ሰፈር ትንሽ ስትሆን ነገሩ ይለያል። ለንደን ውስጥ «ሁለት ሐኪሞች» ማለት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። ደሴቷ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሻይ የሚጠጡ ናቸው። ፋርማሲስቷ የሕመምተኛው ልጅ የክፍል ጓደኛ ናት። ሐኪሙ እሺ ካለ በሳምንቱ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ወሬው ይደርሳል። እምቢ ካለም እንዲሁ። ሕጉ ማንም ሐኪም ከኅሊናው ውጭ እንዳይገደድ ይላል፤ ጥሩ ነው። ግን ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ የኅሊና ነገር እንዴት በምስጢር ይያዛል? የገጠር ልጆች ይህ በደንብ ይገባችኋል።

ትንሽነት ጥሩ ጎንም አለው፤ አልክድም። ልጁ አባቱን «ቶሎ በል» እያለ ቢገፋ፣ ጎረቤት ያያል። ውርስ የሚያስቸኩለው ዘመድ ካለ፣ ነርሷ ታውቀዋለች። ትልቅ ከተማ ውስጥ ይህን የሚያይ የለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኦሪገን የምትባለው የአሜሪካ ግዛት እንዲህ ያለውን ሕግ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሠራበታለች፤ ሰዎች ለምን እንደጠየቁ በየዓመቱ ይመዘገባል። ሥቃዩ ስለጠናብኝ የሚለው ምክንያት አንደኛ አይደለም። አብዛኞቹ የሚሉት ራሴን መቻል አቃተኝ፣ የምወደውን ነገር ማድረግ አልቻልኩም ነው። ቤተሰቤ ላይ ሸክም ሆንኩ የሚሉትም ብዙ ናቸው። አያችሁ፣ የአያቴ ጸሎት ነው! ሰው ሳላስቸግር። ልዩነቱ አያቴ ጸሎቷን ወደ ላይ ነበር የምትልከው፤ መልሱም በሷ እጅ አልነበረም። አሁን ማመልከቻው ለሐኪም ነው። ደሴት ላይ ደግሞ ማስቸገር በግልጽ ይታያል። ለካንሰር የጨረር ሕክምና ባሕር ተሻግረው ሊቨርፑል አካባቢ ነው የሚሄዱት። ልጆች ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ ይቀራሉ። አባት ሲታመም ልጅ በመርከብ ወይ በአውሮፕላን ትመላለሳለች፤ አባት ደግሞ ቲኬቱን ይቆጥራል።

ስለዚህ እዚያ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ «ቆዩ» እል ነበር። ሃይማኖቴን ይዤ አይደለም፤ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እምነቴን ግን በሌላው ሰው አልጋ ላይ አልጭንም። መጀመሪያ ሌሊት የምታድር ነርስ ለሁሉም ቤት ትድረስ። የሚያስታምም ልጅ ደመወዙ አይቆረጥ። ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱ ከደሴቷ ውጭ ይምጣ። ከዚያ ደግሞ ጠይቁኝ። ያኔ እሺ ልል እችላለሁ። ምክንያቱም ማስታገሻ ያልበቃቸውን ሰዎች አይቻለሁ። ጡንቻዋን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ የያዛት አንዲት ሴት ነበረች። ሥቃይ አልነበረባትም። የነበረባት ታንቄ እሞታለሁ የሚል ፍርሃት ነው፤ ምን ብነግራትም አልተዋትም። እሷን ሳስብ «ቆዩ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይከብደኛል።

አንድ ጥፋቴንም ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው «ልጄ፣ መሞት ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ኧረ ክፉ አያውሩ አባቴ!» ብዬ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄድኩ። ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም፤ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ምን ሊሉኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛ ለዚህ ጎበዞች ነን። ምርመራውን ለቤተሰብ እንናገራለን፣ ከታማሚው እንደብቃለን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ወግ አለን፣ ሰው ከሞተ በኋላ እድሩ ድንኳን ይዞ ይደርሳል። ከመሞቱ በፊት ግን አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ይከብድዎታል?» የሚል ይጠፋል።

እናንተ ጠይቁ። «መሞት እፈልጋለሁ» ሲባል አትደንግጡ፣ አትስበኩ። ወንበር ሳቡና «ከሁሉ የከበደዎት የትኛው ነው?» በሉ። መልሱ ያስገርማችኋል። ሞርፊንንም በደንብ ተማሩ። በልኩ ከተሰጠ ሰው አይገድልም፤ የሚፈራው ነርስ ግን ሕመምተኛውን ሲያሠቃይ ያድራል። በማሽን ትንፋሽ ማስቀጠልን መተው፣ ሕመም ማስታገስና መሞቻ መድኃኒት መስጠት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤተሰብ ሲያምታታቸው እናንተ አታምታቱ። የራሳችሁንም አቋም ቀድማችሁ እወቁ፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አልጋ ጠርዝ ላይ ቁማችሁ አይደለም የሚታሰበው።

ፒል የምትባል የአሣ አጥማጆች ከተማ አለች፤ በጢስ የደረቀ አሣዋ ስመ ጥር ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነበሩኝ። በገባሁ ቁጥር «ሕጉ የት ደረሰ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ተቀምጬ ከሁሉ የከበደዎት ምንድነው አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ሌሊቱ» አሉ። ልጃቸው ከሊቨርፑል እየተመላለሰች ሌሊቱን ወንበር ላይ ታድር ነበር። ሌሊት የምታድር ሰው ፈልገን አገኘን። ልጅቷ አልጋ ላይ ተኛች። እሳቸውም ትንሽ ፊታቸው ተፈታ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም፤ «ቢፈቀድልኝ አሁንም እጠይቃለሁ» ይላሉ።

«አንቺስ?» አሉኝ አንድ ጠዋት። «አንቺ ብትሆኚ?»

እኔ አልጠይቅም አልኳቸው። ከዚያ የአያቴን ጸሎት በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው። ሰው ሳላስቸግር ውሰደኝ። እኔም ማታ ማታ እላታለሁ አልኩ።

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እንግዲያው አንቺማ ማመልከቻሽን አስገብተሻል» አሉኝ።