የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሚኒሞው አልረጋ ያለ ኮሮላ፣ ሐረጎ ላይ የሚጠፋ ሞተር

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

እንደምን ሰነበታችሁ። እ.ኤ.አ. የ1993 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ፣ ኢንጀክሽን ነው። ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው። ሲሞቅ ግን ቆሞ ሳለ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ወደ 1,800 ዙር ይወጣል፣ ወደ 1,000 ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ኤሲ ስከፍት ወይም ለመቆም ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና የቤንዚን ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። መካኒኩ የሚኒሞ ቪቴዋን (የሚኒሞውን አየር የምታስተካክለውን ብሎን) እስከ መጨረሻው ቢያጠብቃትም ለውጥ የለም። አሁን «ኮምፒውተሩ ይቀየር» እየተባልኩ ነው። እውነት እሱ ነው?

መልስ፦

ኮምፒውተሩን አይግዙ። የጻፉልን ምልክት እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ሲያነሱ ከስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በበር ከሚቆጣጠረው ክፍል) ጎን ያለችው ሴንሰር በሩ መዘጋቱን ትነግረዋለች። በሩ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ በፍጥነት የሚዞር ከሆነ፣ መኪናው ቁልቁለት እየወረደ ነው ብሎ ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል። በቆመ መኪና ላይ ይህ የሚሆነው መግባት የሌለበት አየር ገብቶ ዙሩን ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ይቆርጣል፣ ዙሩ ይወድቃል፣ ይሰጣል፣ አየሩ እንደገና ይገፋዋል። ቪቴዋ ተዘግታም ለውጥ አለመምጣቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ትርፉ አየር የሚገባው በእሷ በኩል አይደለም። ወደነበረችበት ይመልሷት።

መጀመሪያ ምንም የማያስወጣውን ይዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ውሃው እስከ አንገቱ ካልሞላ ይሙሉት፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነስተው አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ። የራዲያተሩ ውሃ በስሮትሉ ሥር ስለሚያልፍ፣ ውስጡ አየር ከታሰረ ሚኒሞው ይዋዥቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ወደ ዕቃ መግዛት ይሄዳል።

ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ከአየር ፊልትሮው የሚመጣውን ወፍራም ቱቦ ከስሮትሉ አፍ ላይ ያላቁት። ይህ ሞተር አየሩን የሚያውቀው በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ባለው ግፊት ስለሆነ ቱቦው ቢነሳም አይጠፋም። ከበሩ ፊት ትንሽ ቀዳዳ ያያሉ፤ የሚኒሞው ቫልቭ አየር የሚስበው በዚያ ነው። በጣትዎ ይድፈኑት። ዙሩ ወርዶ መዋዠቁ ከቆመ ጥፋቱ የቫልቩ ነው። ምንም ካልተለወጠ አየሩ የሚገባው በሌላ በኩል ነው።

በሌላ በኩል ከሆነ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨምቀው ይያዙ፦ የፍሬን ሰርቮው (የፍሬን ማገዣው) ቱቦ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የሚመጣው የጭስ መመለሻ ቱቦ፣ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ። አንዱን ሲይዙ ሞተሩ ከረጋ አገኙት። የተሰነጠቀ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው መጨረሻው ላይ፣ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ስለሆነ፣ ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መግጠም ይበቃል። የሰርቮው ቱቦ ከሆነ ግን ይቀይሩት፤ ፍሬን ነው። የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (በመገናኛው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ለመፈተሽ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ በመገናኛው ላይ በትንሽ በትንሹ ይርጩ፤ ዙሩ ሲለወጥ ቦታው ያ ነው። በጋለው ጭስ ማውጫ በኩል ፈጽሞ እንዳይረጩ። በጣሳ ቤንዚን የሚረጩ ጋራዦች አሉ፤ መኪናዎን እንዲህ እንዲፈትሹት አይፍቀዱ፣ ይቃጠላል።

እኛ ግን በእርስዎ መኪና ላይ አብዝተን የምንጠረጥረው ቫልቩን ነው። በጥላሸት ተጣብቆ ግማሽ ክፍት ከቀረ ሁለቱንም ምልክት ይሰጣል፤ ሞተሩ ሲሞቅ አየሩ ይበዛል፣ ኤሲ ሲከፈት ደግሞ የተጣበቀው ቫልቭ ተጨማሪ አየር መስጠት ስለማይችል ሞተሩ ይጠፋል። ስሮትሉን አውርደው ቫልቩን ከሥሩ ይፍቱ። በማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ጥቁሩ እስኪለቅ ይጠቡት፤ በካቻቢቴ ወይም በሽቦ አይፋቁት። ማጽጃው ወደ ኤሌትሪኩ ክፍል እንዳይገባ ቫልቩን ዘቅዝቀው ይያዙት። የስሮትሉን በር ጠርዝም ከኋላው ጭምር ይጥረጉት። ሲገጥሙ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መልሰው ከገጠሙት ሌላ የአየር ቀዳዳ ይከፍታሉ።

ከዚያ ኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላትን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ይክፈቱ። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ሌላ ቀዳዳ እንዳይነካ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሳያቋርጥ እኩል ከበለጨ የተመዘገበ ጥፋት የለም። 2 ጊዜ በልጮ አረፍ ብሎ እንደገና 2 ጊዜ ከበለጨ ቁጥሩ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር፤ 31 የግፊት ሴንሰሩ፣ 41 የስሮትሉ ሴንሰር ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ግን ቁጥር ሳያስመዘግብም ሊዋሽ ስለሚችል በቴስተር ይለኩት፦ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም። ሲጨርሱ ያቺኑ ሽቦ እንደገና አገናኝተው በስትሮብ መብራት አቫንሱ (ካንዴላው ቀድሞ የሚበልጭበት መጠን) 10 ዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሽቦዋን ያውጡ፣ የተመዘገበው ጥፋት እንዲጠፋ የኢኤፍአይን (የኢንጀክሽኑን) ፊውዝ ለአፍታ ነቅለው ይመልሱ። የሞቀ ሞተር ሚኒሞ በ800 አካባቢ መርጋት አለበት።

ይህ ሁሉ በግፊት ለሚለካ ሞተር ነው። አየር መለኪያ ሳጥን ባላቸው እንደ አሮጌ ቢኤምደብሊው ባሉ መኪናዎች ላይ ያው የተሰነጠቀ ቱቦ ሚኒሞውን ከፍ አያደርገውም። ሳጥኑ ያልቆጠረው አየር ቤንዚኑን ስለሚያሳንሰው ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

ተመሳሳይ ኮሮላ አለኝ። ሜዳ ላይ ምንም የለውም። ሰው ጭኜ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆም ይነሳል። ጋራዥ ስወስደው ጤነኛ ነው። ቤንዚን ፖምፓ ልቀይር?

መልስ፦

ጥፋቱ ያለው መንገድ ላይ ስለሆነ ምርመራውም እዚያው፣ ሞተሩ በጠፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መደረግ አለበት። ከአጠፋፉ ይጀምሩ። ቁልፍ የተዘጋ ያህል ባንዴ ጭጭ ካለ ኤሌትሪክ ነው። እያንገራገጨ፣ ጉልበት እያጣ ከጠፋ ቤንዚን ነው።

አንድ ትርፍ ካንዴላና አጭር ሽቦ በመኪናው ይያዙ። እንደጠፋ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለው በትርፉ ካንዴላ ላይ ይሰኩ፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በገመድ ያሰሩት፣ እጅዎ ሳይነካው ሌላ ሰው ያስነሳ። ብልጭታ ከሌለና የዙር መቁጠሪያው መርፌም ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ጥርጣሬው በስፒንተሮጂኑ (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለው ፒክአፕ (የዙር ሴንሰሩ)፣ ኢግናይተሩ (የብልጭታው ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም ቦቢናው (ከፍተኛውን ቮልት የሚያመነጨው) ላይ ነው። እነዚህ ሲግሉ ውስጣቸው ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዙ ይገናኛሉ፤ ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤሌትሪሺያኑ ፒክአፑን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀ በቴስተር ይለካው።

ብልጭታ ካለ ወደ ቤንዚኑ ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ በዚህ መኪና ቁልፍ ተከፍቶ ፖምፓው ድምፅ ባያሰማ ሞተ ማለት አይደለም፤ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው። በዲያግኖሲስ ሳጥኗ ውስጥ ኤፍፒ እና +ቢ የተባሉትን በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ይክፈቱ። አሁን ድምፁ ከኋላ መሰማት አለበት። በዚህ ከሠራና መኪናው ከተነሳ ፖምፓውን ሳይሆን ሪሌውን (ኤሌትሪኩን ለፖምፓው የሚያበራውን ማብሪያ) ያስፈትሹ፤ የውስጡ ብየዳ ሲሰነጠቅ ልክ እንዲህ ያደርጋል። በሽቦውም ካልጮኸ ፖምፓው ጋ የሚደርሰውን ኤሌትሪክ ይለኩ፤ 12 ቮልት እየደረሰው ዝም ካለ ይቀየር።

እየጮኸም ካልተነሳ የነዳጅ ክዳኑን ይፍቱ። ሽው ብሎ አየር ከሳበ ታንኩ መተንፈሻ አጥቷል። ካልሆነ ግፊቱን ያስለኩ፤ የሬጉሌተሩ (የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው) ቀጭን ቱቦ ተነቅሎ ከ2.7 እስከ 3.1 ባር መሆን አለበት። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዱ ከሆነ ውሃና ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ስለሚችል፣ ፖምፓ ከመግዛትዎ በፊት ታንኩን አራግፈው በፖምፓው ሥር ያለችውን ወንፊት ይዩ። የተደፈነች ወንፊት ሜዳ ላይ የሚበቃ ቤንዚን ታሳልፋለች፣ ዳገት ላይ ግን አትችልም።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሸዋ በር

ሚኒሞው በጥቂቱ ስለሚንቀጠቀጥ የቫኪዩም (ሞተሩ አየር የሚስብበት ኃይል) መለኪያ ተደረገለት፣ 12 ኢንች አሳየ። ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) በአራቱም ከ138 እስከ 143 ፒኤስአይ ነው። መጽሐፉ ለ4ኤ-ኤፍኢ 191 ነው የሚለው፣ «የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ተብያለሁ።

መልስ፦

አይውረድ። የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ደሴ ከባሕር በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቫኪዩም በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ጠረፍ ላይ ከ17 እስከ 21 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 ያሳያል። ያው መኪና ኮምቦልቻ ቢወርድ ወደ 2 ኢንች ይጨምራል። ከ191 ላይም ሩቡን ሲቀንሱ 143 ነው የሚቀረው፤ የእርስዎ ሞተር እዚያው ነው።

ማየት ያለብዎት ልዩነቱን ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል እስከ 14 ፒኤስአይ ይፈቀዳል፣ የእርስዎ 5 ብቻ ነው። የቫኪዩሙ መርፌ ረግቶ ከቆመ ሞተሩን ትተው ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የስፒንተሮጂኑን ክዳን ስንጥቅ ይፈልጉ፣ ኢንጀክተሮቹንም ያስጠቡ። መርፌው በእኩል ጊዜ ዝቅ ዝቅ ካለ የአንዱን ሲሊንደር ቫልቭ ክፍተት ያስለኩ።