ካርታው በኔ ስም ከሆነ የኔ ብቻ አይደለም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ ሲያርፍ ከውርስ የደረሰኝ ገንዘብ አለ። እሱ ላይ ከደመወዜ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ ሰሚት አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነጋዴ ነው፣ ብድር አያጣውም። ቤቱ ለልጆቼ መጠጊያ እንዲሆን በኔ ስም ብቻ ልግዛው? ጓደኛዬ ደግሞ «በወንድምሽ ስም አድርጊውና ተገላገይ» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ካርታው ላይ ያለው ስም ብቻውን አያድንሽም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 ላይ እንዳለው፣ ንብረቱ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም እንኳ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስንቱ ይሄን የሚሰማው ፍቺ ላይ ሲደርስ ነው።

የውርሱ ገንዘብ ያንቺ ነው፣ በጋብቻ ውስጥ ብታገኚውም። ደመወዝሽ ግን አይደለም። አዎ፣ ላብሽ ነው፤ ግን ከተጋባችሁ በኋላ ሁለታችሁም ሠርታችሁ የምታገኙት የጋራ ነው፣ የሱ የንግድ ትርፍም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱን ገንዘብ አትደባልቂ። የውርሱ ገንዘብ ለባለ አንድ መኝታ ካልደረሰ ስቱዲዮ ግዢበት ባይ ነኝ።

በውርስ ገንዘብ የተገዛ ቤትም ቢሆን ደግሞ ዝም ብሎ የግል አይሆንም። አንቀጽ 58 ላይ ፍርድ ቤት ቀርበሽ «ይህ ቤት የግሌ ይባልልኝ» ብለሽ ማስወሰን አለብሽ። ሰው የሚዘለው ይቺን ነው። ለዚህ የወራሽነት ማስረጃሽን፣ ድርሻሽ የገባበትን የባንክ ስቴትመንትና የሽያጩን ውል ያዢ። የውርሱን ብር ለብቻው ሒሳብ ከፍተሽ አስቀምጪው፣ ለሻጩም ከዚያው ሒሳብ ይተላለፍለት እንጂ በጥሬው እንዳትከፍዪ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው አይደል? ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከሒሳብሽ የወጣው ሌላ፣ ውሉ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ ማስረጃሽን በገዛ እጅሽ አበላሸሽው ማለት ነው።

የወንድምሽን ነገር እርሺው። በሱ ስም የተገዛ ቤት የሱ ነው፣ አንድ ነገር ቢሆን ወራሾቹ ይመጣሉ። ባለትዳር ከሆነማ ያው አንቀጽ 63 እሱ ቤትም ይገባል፣ ሚስቱ «የጋራችን ነው» ብትል ምን ልትያት ነው?

ወደ ብድሩ ልምጣ፣ የፈራሽው እሱን ስለሆነ። ባልሽ ለንግዱ የተበደረው በመጀመሪያ ከሱ የግል ንብረት ነው የሚከፈለው፣ ያ ካልበቃ ወደ ጋራው ይኬዳል። ቤቱ የግልሽ ተብሎ ከተወሰነ እዚህ ላይ በደንብ ይጠቅምሻል። ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ለቤት ወጪ ወይ ለልጆች ትምህርት፣ የግልሽም አይተርፍም። ደግሞ ቤቱን ብታከራዪው ኪራዩ የጋራ ገቢ ነው፣ ቤቱ ያንቺ ብቻ ቢሆንም።

ለባልሽ ልንገረው ወይስ አልንገረው ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ደብዳቤሽ ላይ ይሸታል። ንገሪው። ፍርድ ቤቱ ሊጠራው ይችላል፤ ከመጥሪያ ወረቀት ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻላል። «የአባቴ ገንዘብ ነው፣ ለልጆቹ ይሁን» ብትዪው ክፉ ያልሆነ ሰው ይገባዋል፤ እሱም ቀርቦ «አዎ፣ የውርሷ ነው» ካለ ጉዳዩ በጣም ይቀላል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ያላገባሁ ነኝ የሚል ወረቀት አውጥቶ ውልና ማስረጃ መሄድ ግን በወንጀል ያስጠይቃል፣ እንዳታስቢው።

ይሄ ሁሉ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልል ያላችሁ አንባቢዎች የየክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ።