ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ቃል፤ ለወጣት ተዋንያን

ውድ ልጆቼ፣

ተዋናይ ለመሆን ያሰባችሁ ወጣቶች ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ የምትጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በየት በኩል እንግባ፣ ማንን እናናግር፣ ፊታችን ለካሜራ ይሆናል ወይ ትሉኛላችሁ። ስለ መግቢያው የማውቀው ጥቂት ነው፤ እኔ የገባሁበት በር ከተዘጋ ቆይቷል። ስለ ፊታችሁም አስተያየት የለኝም። ይልቅስ ከአርባ ዓመት በላይ በመድረክም በካሜራ ፊትም ስሠራ ዘወትር ያስቸገረኝንና እንጀራዬንም የሰጠኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ እርሱም የአማርኛ ቃል ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሙሉ አለመሆኑ ነው።

ፊደላችን ብዙ ነገር ይዞልናል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ግን አይለይልንም። «ዋና» ተብሎ የተጻፈው በወንዝ የሚዋኙት ይሁን የነገሩ አውራ፣ «አለ» የተባለው ሰውየው ተናግሮ ይሁን ወይስ በቦታው ኖሮ፣ የሚወስነው አንባቢው ነው። ለራሱ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያርማል። ተዋናይ ግን ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የታሪክ ተውኔት ውስጥ የመልእክተኛ ቦታ ተሰጠኝ። የነበረችኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ እየሮጥኩ ገብቼ፣ ከንጉሡ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ «ጃንሆይ፣ ጠላት ነገ ይመታል!» እላለሁ። በጥናቱ ወቅት ስለ አሯሯጤ፣ ስለ ላቤ፣ ስለ ጉልበቴ አወዳደቅ ብዙ ተጨንቄያለሁ፤ ቃሏን ግን ከመናቄ የተነሣ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብዬ ለብቻዬ አላነበብኳትም። በመክፈቻው ዕለት እያለከለክሁ ገባሁና «ይመታል»ን አላላሁት። ጠላት ተመቺ መሆኑ ቀርቶ መቺ ሆኖ አረፈው። ንጉሡን የሚጫወቱት አንጋፋ ባልደረባችን ደግሞ በተጻፈላቸው መሠረት ከዙፋናቸው ተነሥተው «ተመስገን! ነጋሪት ይጎሰም!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በክብር ሊያልቅ የታሰበው ገቢር እንደዚያ ተበላሽቶ ቀረ።

እኒያ ሰው አልተቆጡኝም። መጋረጃው ከወረደ በኋላ ጽሑፌን ተቀበሉና በቀይ እርሳስ «ይመታል» ከሚለው ቃል «መ» እና «ታ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አኖሩ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ነበሩ፤ በንባብ ቤት የግእዝ ቃል የሚነበብባቸውን ስልቶች አምታቶ፣ ተነሹን ተጣይ፣ ሰያፉን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ የኔታ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንደማያሳልፉት አጫወቱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃለ ተውኔት በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነሣው ቀይ እርሳስ ነው። ነጥብ እያኖርኩ ስሄድ የቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን የት እንደምተነፍስ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደማርፍ አብሮ ይገለጥልኛል፤ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ረጃጅም ስንኞች በመድረክ ለመወጣት የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትንፋሽን አለቦታው የጨረሰ ተዋናይ የስንኙን ጫፍ ውጦት ይቀራል።

ድምፅ ብቻውን ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ለመረዳት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አድምጡ። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ ሆኖም ከአንባቢዎቹም መካከል ሳይቀር እነዚያን ሰዎች የሚያስታውሳቸው በወጋየሁ አንደበት የሆነ ብዙ ነው። መብራት፣ አልባሳት፣ ፊት፣ እጅ አልነበረውም። ባላባቱን ከጭሰኛው፣ እናትን ከልጅ የለየው በሚያጠብቀውና በሚያላላው፣ በሚያፈጥነውና በሚያዘገየው ቃል ነበር።

ካሜራ ይህን ሁሉ ያቀልላል ብሎ የሚያስብ ወጣት አጋጥሞኛል። በአንድ በኩል እውነት አለው፤ በፊልም የተሳሳተ ይደገማል። ነገር ግን በመድረክ አንድን ሰው ለማወቅ ወራት የሚወስድ የጠረጴዛ ላይ ንባብና ጥናት ስናደርግ፣ በቀረጻ ቦታ ጽሑፉ የሚደርሰን አንዳንዴ በዋዜማው ሌሊት ነው፤ የመጨረሻው ትዕይንት ሰኞ ተቀርጾ የመጀመሪያው ዓርብ ሊቀረጽ ይችላል። ስኒውን ያነሣችሁት በየትኛው ቃል ላይ እንደነበር ካልያዛችሁ ከሌላ አቅጣጫ ሲቀረጽ አይገጥምም። ለኋለኛው ረድፍ ታዳሚ የምናነሣት ቅንድብ በቅርብ ቀረጻ ላይ እብደት ትመስላለች፤ ይህን እኔ ራሴ በመጀመሪያ ፊልሜ ፈጽሜው፣ ዛሬ ድረስ የልጅ ልጆቼ እየከፈቱ ይስቁብኛል። ስለዚህ ፊታችሁን ቀንሱት፤ ቃሉን ግን አትቀንሱት። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቃና ቴሌቪዥን ያስለመደው የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ የመተካት ሥራም ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ አማርኛውን በባዕድ ከንፈር ልክ ማስገባት ከባድ ሙያ ስለሆነ አልንቀውም። የሚያሳስበኝ ከዚያ የተለመደው ዜማ ወደ እኛው ድራማ መሻገሩ ነው፤ የመርካቶ ነጋዴ ሆኖ የቀረበ ተዋናይ ሲያዝን ዐረፍተ ነገሩን እንደ ቱርክ ድራማ ሲያወርደው ስሰማ ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ።

የገጠር ሰው አነጋገርንም ከቀልደኞች አትማሩ። ጎጃሜም፣ ወሎዬም፣ መንዜም በአንድ የተኮላተፈ «ገጠርኛ» ሲናገሩ የምንሰማው ተዋናዩ ሰው ሳይሆን ሌላ ተዋናይ ስላዳመጠ ነው። አውቶቡስ ተራ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። እናት ልጇን ስትሸኝ ስንብቱን ስንት ጊዜ እንደምትጀምረውና የት ላይ ድምፅዋ እንደሚላላ ስሙ፤ ደብተር ግን አታውጡ፣ ሰው ይሸማቀቃል።

ስለ ገንዘብ የምለው አጭር ነው። እኛ በመንግሥት ቴአትር ቤት የወር ደመወዝተኞች ነበርን፤ ትንሽ ቢሆንም ወሩን ጠብቃ ትመጣለች። እናንተ በየፊልሙ የምትከፈሉ ናችሁና ቀረጻ ሳይጀመር ውል በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ ቀሪው ክፍያ የሚከፈልበት ቀንም ይጻፍ። «ወንድማማች ነን» ተብዬ ያለ ውል የሠራሁበት ሥራ ቀሪ ሒሳብ ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

ሴት ልጆች ደግሞ አንድ ነገር እወቁልኝ። በዘመናዊው ቴአትራችን መጀመሪያ አካባቢ የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ነጠላ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ እነ አስናቀች ወርቁ መድረኩን የረገጡት «አዝማሪ» የሚለውን ስድብ እየሰሙ ነው። ለመልካችሁ ብቻ ተብሎ ሁለት ቃል የሌላት ሴት ሆናችሁ እንድትቀመጡ ስትጠየቁ፣ ይቺ ሴት ምን ትላለች ብሎ ዳይሬክተሩን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ተከታታይ ድራማ የአንድ ሽማግሌ ቦታ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ቃሌ በጠቅላላው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ጥግ ይዤ በቀይ እርሳስ ነጥቤን ሳኖር ረዳት ዳይሬክተሯ መጥታ ወረቀቱን ጎንበስ ብላ አየችውና «አባባ፣ የዜማ ምልክት ነው እንዴ?» አለችኝ። እንዳስረዳት ወንበር ሳብኩላት፤ ስትቀመጥ መጀመሪያ የጻፍኩላት ቃል «ይመታል» የሚለውን ነበር፣ ያለ ነጥብ፤ በሁለቱም መንገድ አነበበችውና ሳቀች፣ ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ የራሷን ስክሪፕት ገለጠች።