እንግሊዝኛችሁን በልጆቻችሁ ላይ አትለማመዱ

ከጅማ ወጥታችሁ በቅርቡ ውጭ ለገባችሁ እህት ወንድሞቼ። አዲስ መጪ ሲደናበር ብዙ ዓመት ስላየሁ ፊት ለፊት እናገራለሁ።

1. ወረቀት። ቀጠሮ አታሳልፉ፤ ያልገባችሁ ላይ አትፈርሙ።

2. መዝገበ ቃላት ከ"ኤ" ጀምሮ መሸምደድ ይቅር። ጅማ ሳለን ቃሉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ጽፈን ፈተና አልፈንበታል። አለቃ ፈጥኖ ሲናገር ግን አያድንም። በብዛት የሚያገለግሉትን ቃላት አስቀድሙ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የእነዚህ ቃላት ዝርዝር ወደ 2,000 ቃላት ይዟል። ኮሌጅ ለምትገቡ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር አለ፤ 570 የቃላት ቤተሰብ ይዟል፤ ቤተሰብ ማለት አንድ ቃልና ከእሱ የሚወጡት ቃላት ናቸው። የፊተኛውን ሳትይዙ ወደ ኋለኛው አትዝለሉ።

3. እንግሊዝኛ-አማርኛው መዝገበ ቃላት ለጀማሪ ደህና ነው። ቆይታችሁ ግን ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ያዙ። ሎንግማን የተባለው አሳታሚ ያወጣው ፍቺውን የሚሰጠው በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ነው። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን አትዝለሉ፤ "ሆምወርክ" ከ"ዱ"፣ "ሚስቴክ" ከ"ሜክ" ጋር እንደሚሄድ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ ስለ ሥራችሁ የራሳችሁን ጻፉ። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላም ተመለሱበት።

4. ልጆች። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቀን አሥር ቃል ትይዙና ማታ እራት ላይ በልጃችሁ ትለማመዳላችሁ። ለምን? ልጁ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ ከጓደኛ፣ ከቴሌቪዥን ያገኘዋል። አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ግን ከእናንተ በቀር ማን ይሰጠዋል? የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሰጥታችሁ ሙሉ ቋንቋ ነጠቃችሁት!

የእህቴ ልጅ ጅማ ሄዳ ነበር። እናቴ ቡና አፍልታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ ብዙ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ የእናቷን አፍ ብቻ ታያለች። እናቴ ከዚያች የልጅ ልጇ ጋር አንድ ወግ ሳታወጋ አረፈች። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ደግሞ ልጅን ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ማድረግ ነውር ነው። የእናቱን በሽታ ለምን እሱ ይንገራት? አሜሪካ ያላችሁ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

መለማመድ ከፈለጋችሁ ሰው አለ። የሥራ ባልደረባ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የንግግር ክፍለ ጊዜ አለ። እዚያ ተሳሳቱ፤ ማንም አይበላችሁም። ቤት ስትገቡ በራሳችሁ ቋንቋ ተቆጡ፣ ተረት አውሩ፣ መርቁ። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስም አትለውጡ። እሁድ ጅማ ስትደውሉ ስልኩን ለልጁ ስጡና እናንተ ከክፍሉ ውጡ።